የቀኝ ጆሮ ባትሪ

በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ጠዋት፣ ማንግ ቴርዮ ቁርሳቸውን ጀምረው የተጠበሰው ዓሣ ገና ሳይጋመስ፣ በቀኝ ጆሯቸው ውስጥ የምትኖረው ሴት በእንግሊዝኛ «ባትሪው ተዳክሟል» አለቻቸው። እርሳቸውም እንደ ልማዳቸው «ዐውቄአለሁ፣ ዐውቄአለሁ» ሲሉ መለሱላት። ሴትዮዋ ግን መልስ የምትሰማ አልነበረችም፤ ያንኑ ሦስት ጊዜ ደግማ፣ አንዲት አጭር የስንብት ድምፅ አሰምታ ጠፋች። ከማዕዱ ማዶ የተቀመጡት ባለቤታቸው አሊንግ ኢሲንግ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ፣ ከዚያ በኋላ ከተናገሩት አንድም ቃል ለማንግ ቴርዮ አልደረሳቸውም።

«ሃያ ደቂቃ!» ሲሉ ጮኹ ማንግ ቴርዮ። «ሃያ ደቂቃ እንኳ አልሞላችም!»

አሊንግ ኢሲንግ ተነሥተው ወደ ቀኝ ጆሯቸው ተጠጉና፣ «ትናንትስ ስንት ነበረች? ምን አዲስ ነገር አየህና ነው ጎረቤቱን የምትረብሸው?» ብለው እርሳቸውም በተራቸው ጮኹ።

ማንግ ቴርዮ በማላቦን ከተማ አርባ ዓመት ሙሉ የጂፕኒ ታክሲ ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ መካኒክ ናቸው፤ በዚያ አገር ታላቅ ሲከበር ወንዱ «ማንግ» ወይም «ካ»፣ ሴቷ «አሊንግ» ትባላለች። የሞተሩ ጩኸት በመጀመሪያ የግራ ጆሯቸውን ጨርሶ ወሰደው፤ ኋላም የቀኙን እኩሌታ። ሐኪም የሚያዝዘው የመስሚያ መሣሪያ እንኳን ለጡረተኛ መካኒክ፣ ለመኪናው ባለቤትም የሚቀመስ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት የልጅ ልጃቸው አሚሃን የራሷን ገመድ አልባ ማዳመጫ ሰጠቻቸውና ብልሃቱን አሳየቻቸው። ስልኩ በሚናገረው ሰው ፊት ይቀመጣል፤ ማዳመጫው ጆሮ ውስጥ ይገባል፤ ስልኩም የሰማውን አጉልቶ ወደ ጆሮ ያደርሳል። የሚጠቅማቸው የቀኙ ብቻ ስለ ነበር የግራው ከሣጥኑ ሳይወጣ ኖረ። የቀኙ በመጀመሪያው ዓመት ከቅዳሴ እስከ ምሳ ይዘልቅ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ቅዳሴውን ብቻ አደረሰ፤ አሁን ግን ወንጌሉ ተነብቦ ስብከቱ ሳይጀመር ያልቃል።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ በትዕግሥት የሚታለፍ ነገር ነበር። ነገር ግን ከነገ በስቲያ ረቡዕ፣ በጎረቤታቸው በአሊንግ ሴደስ ግቢ የጌታ ሕማማት በዜማ የሚነበብበት ቀን ነው። የቤተሰቧ የቆየ ስእለት ነው። በረጅሙ ጠረጴዛ ቀኝና ግራ የተቀመጡት ሁለት ወገኖች መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር እየተቀባበሉ ያዜሙታል፤ አንዱ ወገን አምስት ስንኝ ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል። የቀኙ መሪ ከሠላሳ አንድ ዓመት ጀምሮ ማንግ ቴርዮ ናቸው፤ የግራው መሪ ደግሞ የዓሣ መረብ ነጋዴው ካ ካርዮ። ባለፈው ዓመት፣ ጌታ በጌቴሴማኒ በሚጸልይበት ክፍል ላይ፣ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጊዜ ገብተው ዜማው ተደበላለቀ፤ ሰዎችም ሳቁ። ማን እንዳጠፋ የመረመረ አልነበረም። ደንቆሮ በተቀመጠበት ጠረጴዛ ሌላ ማን ይጠረጠራል?

ዘንድሮ አሊንግ ሴደስ ቁርጡን ተናግራለች። ዛሬ ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ልምምድ አለ፤ በዚያ አንዲት ስሕተት ከታየች የቀኙ ወንበር ለእኅቷ ልጅ ይሰጣል፤ ማንግ ቴርዮም ከሽማግሎቹ ጋር ተቀምጠው፣ የዝንጅብል ሻይ እየጠጡ ያዳምጣሉ።

«ያዳምጣሉ አለች እኮ!» አሉ ማንግ ቴርዮ ጫማቸውን እያጠለቁ። «በምኔ ነው የማዳምጠው? በጉልበቴ?»

በመሃል ከተማ፣ በኪያፖ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ያለው የራዮን መንገድ ከዳር እስከ ዳር የድምፅ ዕቃ መሸጫና መጠገኛ ነው። ማዳመጫው በመንገድ ላይ ከሣጥኑ ቻርጅ ሲቀበል ስለ ቆየ፣ ማንግ ቴርዮ ያችን ሃያ ደቂቃ ቆጥበው ሊጠቀሙባት አስበው ነበር። የመጀመሪያው ሱቅ ሲደርሱ ጆሯቸው ውስጥ ከተቷት።

«ይጣሉትና አዲስ ይግዙ፣ ታታይ» አለ ሻጩ፣ እንደ አባት ጠርቷቸው። «ይሄ አይጠገንም።»

«ምኑ ነው የተበላሸው?»

«አልተበላሸም። ባትሪው አርጅቷል።»

«ባትሪ ይቀየራላ!»

«የእነዚህ አይቀየርም። በሙጫ የታሸጉ ናቸው።»

በሁለተኛው ሱቅ ከመስታወት ሣጥን አዲስ አውጥተው በመዳፋቸው ላይ አኖሩላቸው። ማንግ ቴርዮ አገላብጠው ብሎን ፈለጉ፤ የለም። መጋጠሚያ ፈለጉ፤ የለም። ልክ እንደ እንቁላል ነው።

«ይህኛውስ ስንት ዓመት ይቆያል?»

«ሁለት ዓመት፤ ከተጠነቀቁለት ሦስት።»

«ከዚያስ በኋላ?»

«ከዚያማ ሌላ ይገዛሉ» አለች ልጅቷ፣ ሰው ይህን እንዴት አያውቅም በሚል ፊት።

በሦስተኛው ሱቅ ያለው ሰው ማዳመጫውን በእጁ እንኳ ሳይነካ ራሱን ነቀነቀ። የሚናገረውን ሊሰሙ ወደፊት ሲያዘነብሉ በጆሯቸው ያለችው ሴት «ባትሪው ተዳክሟል» አለችና ተሰናበተች። ሃያዋ ደቂቃ «ይጣሉት» የሚለውን በሦስት ዓይነት አነጋገር በመቀበል አለቀች።

ማንግ ቴርዮ ደም ሥራቸው ተገትሮ ከመንገዱ ዳር ቆሙ። በእጃቸው ካለፉት ሞተሮች መካከል ከባለቤቱ አባት የሚበልጥ ዕድሜ የነበረው ነበር፤ ሦስት ጊዜ ሲሊንደሩ ተቦርቡሮ፣ አራት ጊዜ ቀለበቱ ተለውጦ አሁንም ሰው ያመላልሳል። ያ ሞተር እንደሚያረጅ የሠራው ሰው ያውቅ ነበርና ብሎን አደረገለት። ባትሪ እንደሚያልቅ እያወቀ በሙጫ የሚያሽግ ሰው ግን ምን ዓይነት ሰው ነው? ይህን የሚጠይቁት ሰው በአጠገባቸው ስላልነበረ፣ ከሚያልፉት መኪናዎች አንዱን ተሳደቡ።

የሚሉትን የሰማች አንዲት ሴት ከደረጃ ሥር ካለች ጠባብ መደብር በእጇ ጠራቻቸው። ሉኒንግኒንግ ትባላለች፤ የሰዓት ሠሪ ልጅ ናት፤ በግንባሯ ላይ የአባቷን አጉሊ መነጽር አስራለች። ጆሯቸውን እንዳመለከቱላት ወዲያው ተረዳችና ወረቀት አንሥታ በትልቁ ጻፈች፦ «እከፍተዋለሁ። ግን እንደ ድሮው ላይገጥም ይችላል። እንዳይከፈት ሆኖ ነው የተሠራው።»

«እንዳይከፈት ተብሎ የሚሠራ የሬሳ ሣጥን ብቻ ነው!» አሉ ማንግ ቴርዮ። «ክፈችው፣ ልጄ።»

በሞቃት አየር አለሰለሰችው፤ በቀጭን ምላጭ ዙሪያውን ዳሰሰችው፤ አንድ ጊዜ ምላጩ ሾልኮ ጣቷን ሲነካት በሰዓት ሠሪ ቋንቋ የሆነ ነገር ተናገረች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሽፋኑ ለቀቀ። በውስጡ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ክብ ባትሪ ሆዷ ተነፍቶ ተቀምጣለች። ማንግ ቴርዮ በአጉሊ መነጽሩ አዩዋት።

«ይህች ናት?» አሉ። «ይህች ናት እኔን ከወንበሬ የምታስነሣው?»

ሉኒንግኒንግ በወረንጦ ነቅላ አወጣቻት፤ በመሳቢያዋ በመጠን ለይታ ካስቀመጠቻቸው መካከል እኩያዋን መርጣ፣ በብየዳ አያያዘችና ሽፋኑን መልሳ በሙጫ ገጠመችው። ከዚያ በሣጥኑ ውስጥ ቻርጅ እንዲቀበል አኖረችው። መብራቱ አልበራም። አወጣችው፣ መለሰችው፤ አልበራም። ማንግ ቴርዮ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

ሉኒንግኒንግ ሣጥኑን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጋ ተመለከተች። ከዚያም በስቴኪኒ ጫፍ ከሥሩ አንድ ነጭ ነገር ፈልፍላ አወጣች፤ በጣቶቿ መካከል አሸት አሸት አድርጋ አየቻቸውና፣ ወደ ጆሯቸው ተጠግታ በሙሉ ድምጿ ጠየቀች።

«ታታይ፣ ይሄን ሣጥን የት ነው የሚያሳድሩት?»

«ሩዝ ውስጥ ነዋ! በዕቃው መካከል እቀብረዋለሁ። ሩዙ ላቡን ይመጥለታል።»

«በየቀኑ?»

«አንድም ቀን አላስታጎልሁም» አሉ በኩራት።

«የሩዙ ዱቄት ከላብዎ ጋር ተቦክቶ ገንፎ ሆኗል! መነካኪያውን ጥቂት በጥቂት ሲደፍን ቆይቶ ዛሬ ጨርሶ ዘግቶታል። ቻርጅ በምን በኩል ይግባ?»

«እንግዲያማ ባትሪው ደህና ነበር ማለት ነዋ?»

«ባትሪውማ ሞቷል፣ ታታይ። እርስዎ ደግሞ ቀበሩት።»

የሁለቱንም ጎድጓዳ ጠርጋ ስታበቃ የቀኙ መብራት በራ። ወዲያው ደግሞ ከሣጥኑ ወጥቶ የማያውቀው የግራው መብራት አብሮ በራ። ሉኒንግኒንግ ወረቀቷን አንሥታ፣ «የግራውም ደህና ነው። ግን ሳይሠራ ተቀምጦም ባትሪው አርጅቷል፤ ብዙ አይቆይም» ብላ ጻፈች። ማንግ ቴርዮ በማይሰማ ጆሮ ስለሚገባ ማዳመጫ የሚጨነቁበት ምክንያት ስላልታያቸው፣ አመስግነው ሒሳቧን ከፍለው ወደ ማላቦን ተሳፈሩ።

በዘጠኝ ሰዓት በአሊንግ ሴደስ ግቢ ሁሉም በየወንበሩ ነበር። ማንግ ቴርዮ ስልካቸውን በጠረጴዛው መካከል በመጻሕፍቱ ላይ አስቀመጡ። የቀኙ ማዳመጫ ሽፋን ትንሽ ተዛንፎ ጆሯቸውን ይቆረቁራቸው ነበር፤ ሲከፍቱት ግን ደቂቃ ሲቆጥቡ ያመለጣቸውን ሁሉ ሰሙ፤ የጽዋ መቀመጥ፣ የገጽ መገለጥ፣ የአሊንግ ሴደስ ሹክሹክታ።

«ስንት ደቂቃ ይቆይ ይሆን ዛሬ?» ትላለች ለእኅቷ ልጅ። «አንተ አትራቅ፤ እዚሁ ቁም።»

«እስከ ትንሣኤ ይቆያል፣ አሊንግ ሴደስ» አሏት ማንግ ቴርዮ፤ እርሷም ደንግጣ አፏን ያዘች።

ዜማው ተጀመረ። ግራው መራ፣ ቀኙ ተቀበለ፤ እንደገና ግራው፣ እንደገና ቀኙ። ማንግ ቴርዮ አንድም ጊዜ አልቀደሙም፣ አንድም ጊዜ አልዘገዩም። ጌቴሴማኒ ሲደርሱ ከኋላቸው ያሉት የወገናቸው ሴቶች ድምፅ በጆሯቸው እንደ ውኃ ሞላ። አምስተኛውን ስንኝ እያዜሙ ሳለ ይህን ለማጣጣም አፋቸውን ዘግተው ዝም አሉ፤ ሴቶቹ እንደ ሆኑ ይጨርሱታል።

በዚያች ቅጽበት ካ ካርዮ ገቡ።

ስንኙ ገና አላለቀም ነበር። የሴቶቹ ዜማ በአየር ላይ እንዳለ፣ ካ ካርዮ ዓይናቸውን ከማንግ ቴርዮ አፍ ሳይነቅሉ፣ በሙሉ ጉሮሯቸው የራሳቸውን ክፍል ይዘው ነጎዱ። ሴቶቹ ግራ ተጋብተው አቆሙ።

«ካ ካርዮ!» አለች አሊንግ ሴደስ። ካ ካርዮ ቀጠሉ። «ካ ካርዮ! እኛ አልጨረስንም!» ካ ካርዮ አሁንም ቀጠሉ። ጠረጴዛውን በመዳፏ ስትመታው ብቻ ቀና አሉ።

«ምን ሆናችኋል? እሱ እኮ አፉን ዘጋ!» አሉ ካ ካርዮ።

ማንግ ቴርዮ ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገለጠላቸው። ባለፈው ዓመት በዚሁ ክፍል ላይ ብስኩት አንቋቸው አፋቸውን ዘግተው ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ! አንድ ዓመት ሙሉ በገበያው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በገዛ ማዕዳቸው ደንቆሮው እየተባሉ የኖሩት በማን ጥፋት ነው? ለዚህ ነው ሦስት ሱቅ የዞሩት? ለዚህ ነው ሃያ ደቂቃ ቆጥበው የሰሙት? የጥሩ ጆሮ የመጀመሪያው ትርፍ የካርዮ ውሸት ሆኖ ተገኘ።

አሊንግ ሴደስም ገብቷታል። ዓይኗ ከካ ካርዮ ወደ እኅቷ ልጅ ሄደ። ልጁ ከቀኙ ወንበር ወደ ግራው አንድ እርምጃ ተራመደ። ካ ካርዮ ይህን አዩ፤ ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

ማንግ ቴርዮ ጠረጴዛውን ተደግፈው ወደ ካ ካርዮ አዘነበሉ።

«በየትኛው ጆሮህ ነው የምትሰማው?» ሲሉ ከጠረጴዛው ማዶ ጮኹ።

«ሁለቱም ደህና ናቸው።»

«ካርዮ!»

ካ ካርዮ ወደ ጣታቸው ተመለከቱ። «በግራው» አሉ። «እሱም ጥቂት ብቻ።»

ማንግ ቴርዮ ሣጥናቸውን ከፍተው የግራውን ማዳመጫ አወጡና ሄደው በካ ካርዮ ጆሮ ውስጥ፣ ከሚገባው በላይ ጫን አድርገው ሰኩላቸው። ካ ካርዮ እንደ ሕፃን ዙሪያቸውን አዩ።

«ሴደስ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አንቺ ስትናገሪ እንዲህ ነው እንዴ የምትጮኺው?»

ስልኩ በመካከል፣ አንዱ ማዳመጫ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ሆኖ ዜማው ከጌቴሴማኒ እንደገና ተጀመረ፤ እስከ ጲላጦስ አደባባይም አንዲት ስንኝ ሳትደበላለቅ ደረሰ። አሊንግ ሴደስ የእኅቷን ልጅ ሻይ እንዲያፈላ ላከችው። «ረቡዕ ማለዳ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሁለታችሁም» አለች።

ሁሉም ሲነሣ ካ ካርዮ ከወንበራቸው ዘለው ጆሯቸውን ያዙ። «ማናት ይህች? አንዲት ሴት እንግሊዝኛ ተናገረችኝ!»

«ባትሪው ተዳክሟል ማለቷ ነው። ነገ ራዮን ወስጄ ላንተም አስቀይርልሃለሁ። በሙጫ የታሸገ ነው፤ ደም ያፈላል፤ ተዘጋጅ።»

ካ ካርዮ ማዳመጫውን አውጥተው በሸሚዛቸው ጫፍ ወልወል አደረጉት፤ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው መረመሩት፤ ነገሩን በሚገባ የተረዳ ሰው መሰሉ።

«ባትሪ አይደለም» አሉ። «ላብ ነው የገባበት። ግድ የለህም፣ ዛሬ ቤቴ ወስጄ ሩዝ ውስጥ ቀብሬ አሳድረዋለሁ።»

ማንግ ቴርዮ ማዳመጫውን ከካ ካርዮ ጣቶች መካከል ነጠቁ፤ በሣጥኑ ውስጥ አኖሩ፤ ክዳኑን ዘጉና በደረት ኪሳቸው ከትተው ቁልፉን ቆለፉ።

«ይህ ሣጥን» አሉ፣ ግቢው ሁሉ ዞር ብሎ እስኪያያቸው ድረስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «እስከ ትንሣኤ ድረስ የሚያድረው ከእኔ ዘንድ ነው!»