የጆሮ የመጨረሻ ሥራዎች

«ከሽያጩ በኋላ የተሠራውን አታንሳብኝ!» አለ ከበሮ መቺው ስኒውን እንደያዘ። «የጊታር ፋብሪካው ተሽጦ ባለቤት ከለወጠ ወዲህ የወጣው ቤዝ ጊታር ሁሉ ማገዶ ነው።»

ድምፁ ለለቅሶ ቤት በዛ። ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡት ሴቶች ዞር ብለው ሲያዩት ደንግጦ አቀረቀረ። አጠገቡ የተቀመጠው ቤዝ ተጫዋች፣ በቁመቱ ሎጋው የሚሉት፣ ቀስ ብሎ መለሰለት።

«ከሽያጩ በኋላም ደህና ዕቃ ወጥቷል፤ ከሽያጩ በፊትም መናኛ ነበር። እሱ ራሱ አይደል ያስተማረን?»

እሱ የሚሉት ትናንት የቀበሩትን ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጊታር ሲጠግን ኖሯል፤ ሙዚቀኛው ሁሉ ጆሮ እያለ ነበር የሚጠራው። ሴት ልጁ በትሪ ስኒ እየሰበሰበች አጠገባቸው ደርሳለች። ክርክሩ አላስከፋትም። እንዲያውም አባቷ ከጓዳ ብቅ ብሎ የሚገላግላቸው መሰላት።

ሎጋው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እውነቱን ለመናገር የእሱም እጅ እንደ ፋብሪካው ነበር። የድሮ ሥራው ሌላ፣ የኋላው ሌላ። መጨረሻ የሠራልኝን ብታየው! ክሩ ይንጫረራል፣ ቀንዱ ላይ፣ ገላው ሾሎ በወጣበት ጫፍ፣ ደግሞ ቫርኒሹን ቦጫጭሮታል።»

«ተው እንጂ፣ አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ።»

«ለክፋት አይደለም። ደንበኛ ሸሸው፣ እሱም ያውቅ ነበር። ጆሮን የሚያህል ሰው የጭነት መኪና ጡሩምባ አልሰማም ብትለኝ ግን አላምንህም። የገጨው ሹፌር እጄ እስኪዝል ነፋሁ ነው ያለው።»

ልጅቷ ወደ እናቷ አየች። እናቷ መስኮቱ ሥር ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ተቀምጣለች፤ ሰምታለች። አስከሬኑ ከመጣ ጀምሮ ላገኘችው ሰው ሁሉ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ምን አስከፋሁት?»

ጆሮ ጊታር ይጠግንባት የነበረችው ቤት ከግቢው ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። በደጉ ጊዜ ሰው ሁሉ እዚያ ተሰብስቦ ነበር የሚከራከረው። አንዱ አሮጌ ጊታር ይዞ ይመጣና ዕድሜውን እየተናገረ ሲኮራ፣ «ዓመቱን አትንገረኝ፤ አምጣው ልስማው» ይለዋል ጆሮ። ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጥፎ አንድ ክር ብቻ ይመታል። ከዚያ ወይ ፊቱ ይበራል፣ ወይ አንገቱና ገላው በሚገጥሙበት ስንጥቅ ካርድ አስገብቶ ልል መሆኑን ያሳየዋል።

«የድሮ ሁሉ ጥሩ አልነበረም» ይል ነበር። «መናኛው ተሰብሮ ተጣለ፣ ደህናው ተረፈ። እናንተ የተረፈውን እያያችሁ ዘመኑን ታመሰግናላችሁ።»

ልጅቷ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። አንድ ቀን ከሥራ ተመልሳ ክፍሉ ስትገባ የአባቷ ስልክ ክርኑ ሥር ይጮኻል። አባቷ አጎንብሶ የአንድ ቤዝ ቀንድ በጥርሱ ነክሷል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ክር ይመታል። ያበደ መሰላት። ትከሻውን ስትነካው ዘሎ ተነሳ። ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«በአጥንቴ ትንሽ ይመጣልኛል። በጆሮዬ ግን ጠፍቷል።»

«ሐኪም ቤት እንሂድ አባዬ» አለች፣ ከንፈሯን እንዲያይ ቀስ እያለች።

«ሄጃለሁ። አልቋል አሉኝ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ለእናትሽም ቢሆን፤ የእሷን ከከንፈሯ አይቼ እመልሳለሁ። ጆሮ የሌለው ጊታር ጠጋኝ በሩን ማን ያንኳኳል?» ብሎ አስማላት።

ከዚያ ወዲህ ቤት በዋለች ቁጥር ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች። ክሩ ሲረግብ አውራ ጣቷን ወደ ላይ፣ ሲከር ወደ ታች ታደርግለታለች። ሥራ ስትሄድ ደግሞ ብቻውን፣ በጥርሱ።

አሁን ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼ» አለችው ሎጋውን፣ «ጊታርህን የወሰድክ ቀን ምን አልከው?»

«አሁን ምን ያደርግልሻል የኔ ልጅ?»

«ንገረኝ።»

ሎጋው ዙሪያውን አየ። «ከቤት ደርሼ ሞከርኩትና ተናድጄ ተመለስኩ። በሩ ላይ ቆሜ ሰደብኩት። አርጅተሃል፣ የሰው ዕቃ አታበላሽ፣ ዝጋውና ተኛ አልኩት። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየን ነበር። እሱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ፈገግ ብሎ ‹በደህና ተጫወትበት ወንድሜ› አለኝ። አሾፈብኝ ብዬ ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም።»

ያን ቀን ትዝ አላት። አባቷ እጁን እየታጠበ፣ ፊቱ ፍክት ብሎ ነበር። «ሎጋው መጥቶ እንዴት ደስ ብሎት ሄደ መሰለሽ! እጁን እያወናጨፈ፣ በሰው ፊት እየጮኸ ነው ያመሰገነኝ።» እራቱን ከልቡ በላ። እሷም ደስ ብሏት ጨመረችለት።

«አላሾፈብህም» አለች። «አልሰማህም። መስማት ካቆመ ቆይቷል። ቀንዱ ላይ ያየኸው ጭረት ደግሞ የጥርሱ ነው። ነክሶ ነበር የሚያዳምጠው።»

ከበሮ መቺው አፉን በእጁ ያዘ።

«ጥርስ?» አለ ሎጋው። «ምነው ያኔ ብትነግሪኝ!»

«አስምሎኝ ነበር።»

«እንግዲያ እኔ...» ብሎ ተወው። ጉልበቱ ላይ ያለውን ባርኔጣ ወንበር ሥር ሲፈልግ ቆየና ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። ልጅቷ አላጽናናችውም። ትንሽ እንዲያመው ፈልጋ ነበር፤ ሲያመው አየች፣ የቀለላት ነገር ግን የለም።

እናቷ ግድግዳ ይዛ ተነሳች። «ለምን ደበቅሽኝ?» ትላለች ብላ ልጅቷ ጠበቀች።

«ጡሩምባውን አልሰማም ማለት ነው?» አለች እናቷ።

«አልሰማም እማዬ። ክር ሊገዛ ነበር የወጣው።»

«ጥሎኝ ሊሄድ ብሎ አይደለም?»

«አይደለም።»

እናቷ አምቃ የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀች። ትከሻዋ ዝቅ አለ። ወዲያው ግን ፊቷ እንደገና ጨለመ።

«መብራት አጥፍተን ስንተኛ የማወራውንስ?» አለች። «ጨለማ ውስጥ ስንቱን ነገር አጫውቼዋለሁ። ዝም ሲለኝ የሚያዳምጠኝ መስሎኝ...»

ሴቶቹ ተነስተው እናትየዋን ከበቧት፤ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ሊመሽ ሲል ከሥራ የወጡ ጎረቤቶች መጡና ወንበር አነሰ። ልጅቷ ልታመጣ ወደ አባቷ ጥገና ክፍል ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል። አባቷ ማንኳኳት ስለማይሰማ፣ ድንገት ከኋላው ስትደርስ እየደነገጠ መሣሪያ ይጥል ነበር። ስለዚህ ሁልጊዜ ከመግባቷ በፊት እጇን ብቻ ሰድዳ መብራቱን ብልጭ ድርግም ታደርግለት ነበር።

እጇን በበሩ ክፍተት አስገባች። አበራች፣ አጠፋች፣ አበራች። ደፉ ላይ ቆማ፣ አባቷ ቀና እስኪል ጠበቀች።