ሁለት ጊዜ የተከፈተው ፋይል

ተመራማሪዋ የሁለት ፕሮቲኖችን ቅርጽ ኮምፒውተሯ ላይ ስትደርባቸው ቀዩ ጠፋባት። የቫይረስን ፕሮቲን በቀይ፣ የሰውን በሰማያዊ መቀባት የቤተ ሙከራው ልማድ ነው። ስክሪኑ ላይ ግን የሚታየው ሰማያዊ ብቻ ሆነ፤ ቀዩ ሥሩ ገብቶ ተሸሽጓል።

«አንዱን ፋይል ሁለቴ ከፍተሽ ነዋ!» አለ አለቃዋ ዶክተሩ ከኋላዋ ቆሞ። «እኔም ጉድ ሆኜበታለሁ። አዲስ ነገር አገኘሁ ብዬ ለጥቂት ሸልሙኝ ልል ነበር።»

ሳቀች። ዘግታ፣ ስማቸውን ፊደል በፊደል አንብባ እንደገና ከፈተች። ፋይሎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ሰሞኑን አገሩን ሲያስነጥስ የከረመው ጉንፋን፣ ሌላው የነርቭ ሽፋን ፕሮቲን። የተጣጠፉበት ቅርጽ ግን ቁርጥ አንድ!

ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። ታናሽ ወንድሟን ጉንፋኑ ከለቀቀው ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። ጠዋት ጫማውን ሲያስር «እግሬ ደንዝዟል» ቢላት፣ «ስንፍናህ ወደ እግርህ ወረደ» ብላ ቀልዳበት ወጥታለች።

«ዶክተር፣ ሰውነት ቫይረሱን አሳድዶ ሲጨርስ ይሄን ነርቭ ላይ ቢያገኘውስ?»

«ላይለየው ይችላል። ራሱን ይወጋል። ግን መልክ ስለተመሳሰለ ብቻ አትቸኩዪ።»

«ከወጋ ከየት ይጀምራል?»

«ብዙ ጊዜ ከእግር። ከዚያ ወደ ላይ።»

«እስከ የት?»

ዶክተሩ መዳፉን ደረቱ ላይ አሳረፈ። «እስከ መተንፈሻው።» ስልኳን አንስታ ወንድሟ ጋ ደወለች።

ወንድሟ መስታወት ገጣሚ ነው። ስልኩን ያነሳው ሊዘጋ ሲል ነበር።

«እቴ፣ ይሄ ስልክ እኮ ከእጄ እየሾለከ አስቸገረኝ።»

«እጅህም? የት ነህ?»

«አራተኛ ፎቅ፣ መሰላል ላይ።»

«እንዳትንቀሳቀስ! ስልኩን አጠገብህ ላለው ሰው ስጠው።»

«ምን ሆነሻል? ጠዋት ሰነፍ ስትዪኝ...»

«ስጠው አልኩህ፣ የኔ ጌታ!»

አጠገቡ የነበረ ግንበኛ ስልኩን ተቀበለ። «አቤት እህት ዓለም?»

«ደግፈህ አውርድልኝ።»

ኳኳታ ተሰማ። «ይዤዋለሁ... ኧረ ይሄ ልጅ ጉልበቱ አይጸናም!»

«አትቸኩዪ» ያላት ዶክተር የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ በሩ ላይ ደርሷል። «በአንድ ትንፋሽ ይቁጠርልሽ» አላት። «ሃያ ከደረሰ ደህና ነው።»

ወንድሟ ወርዶ ስልኩን መልሶ ያዘና እየሳቀ ቆጠረ፤ አሥራ ዘጠኝ ላይ ቆመ። ከዶክተሩ ጋር ወደ እሱ እየሄዱ፣ ከመኪናው ውስጥ በስልክ እንደገና አስቆጠረችው። አሁን አልሳቀም።

«...አሥራ ሦስት... አሥራ አራት...»

«ቀጥል።»

«እቴ፣» አላት ቀስ ብሎ፣ «አየር አነሰኝ።»

ዶክተሩ ነዳጁን ረገጠው።