ጽዋው ቡሬ ይሂድ

ለሩቅ ጓደኛ የሚላክ ስጦታ የግድ ካርቶን ውስጥ መግባት አለበት ብሎ ማን ነገራችሁ?

እፀገነት ነርስ ናት። ለጊዜው ከከተማችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ተመድባለች። ልደቷ ሲቃረብ እኔና ጓደኛችን ፋና ዕቃ ትተን አንድ ጥሩ ውሎ ልንሰጣት ተስማማን።

«ፏፏቴ ትሂድ፣ ከነፎቶ አንሺው» አለች ፋና።

«ድልድይ ስትሻገር ዓይኗን የምትጨፍን ሴት?»

«እንግዲያ ፀጉር ቤት።»

«ለራስሽ ነው የምትመርጪው።»

«አንተስ ምን ታመጣለህ፣ አቶ ጠበቃ?»

እኔ የመረጥሁት የማርያም ማኅበራችንን ነው። የእፀገነት እናት ወይዘሮ ቻይነሽ አምና ሲያርፉ ቦታቸው ለልጃቸው ተላለፈ። በኅዳር ማርያም፣ በዚያው በልደቷ ሰሞን፣ ማኅበርተኛውን የምታበላውና የምታጠጣው እሷ ናት፤ የመጀመሪያ ተራዋ ነው። መጥታ እንዳትደግስ ከሥራ ፈቃድ አላገኘችም፤ ስለዚህ ተራዋ ሊታለፍ ነው። በስልክ «የእማዬ ተራ አንድም ቀን ታልፎ አያውቅም» አለችኝና ስለ ቡሬ ብርድ ማውራት ጀመረች።

ስለዚህ ጽዋውን ይዘን፣ ሚኒባስ ተከራይተን እሷ ዘንድ እንዋል አልሁ። የነፍስ አባታችን «ማርያም ቡሬም አለች» ብለው ፈቀዱ። የማኅበሩ መሪ አቶ ያረጋል ግን ማኅበርተኛው በተሰበሰበበት እንቢ አሉ።

«ልጄ፣ ጽዋ ካጥቢያው አይወጣም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥንት።»

ፋና ቆነጠጠችኝ። ዝም አላልሁም።

«አምና ልጅዎ ማንኩሳ ላይ ቤት ሲያስመርቅ ጽዋው የት ዋለ?»

«እሱ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላው?»

«አያችሁ፣ ሲማሩ እንዲህ ያደርጋል» አሉና ጋቢያቸውን አስተካከሉ። የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። ከማኅበርተኛው ወይዘሮ ወለተሥላሴ ብቻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «እውነትህን ነው፤ ግን እሳቸውን ማን ደፍሮ» አሉኝ።

ስንወጣ ፋና አንገቷን ደፋች። ይፈቀዳል ብላ ለካ ለእፀገነት ቀድማ ነግራታለች። እፀገነትም ጌሾ ወቅጣ፣ ከአከራይዋ ጋን ተውሳ፣ ጠላ ጥላለች። ጎረቤቶቿም እንግዳ እንደሚመጣባት ያውቃሉ። አሁን ደውሎ «ማንም አይመጣም» የሚላት ማነው? እኔ አልልም።

ደንብ ከሆነ ለሁሉም ይሁን። ለመሪው ልጅ የሚላላ፣ እናቷን ቀብራ ሰው አገር ለምትሠራ ሴት የሚጠብቅ ከሆነ ደንብ አይደለም፤ የአንድ ሰው ፈቃድ ነው።

አቶ ያረጋል፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው በሞላበት ይቁሙና ይመልሱ፦ ጽዋው ለልጅዎ ማንኩሳ ከሄደ፣ ለቻይነሽ ልጅ ቡሬ የማይሄደው ለምንድን ነው?