የአራተኛው ተጫዋች ቦታ

ጋሮማ ታፋ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ አናጺ ነው። በከተማው ወጣቱ በየመንገዱ ዳር የሚሻማባቸው ጆተኒዎች አብዛኞቹ ከእሱ እጅ የወጡ ናቸው፤ ጊምቢ ድረስ የሄዱም አሉ። አጠገቡ ባለችው ክፍል ቴሌቪዥንና ኮምፒዩተር የሚጠግነው ቀነአ አብሮ አደጉ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አንዱ ሥራውን ሌላው ሳያይለት፣ ሥራዬ አለቀ ብሎ አያውቅም።

ባለፈው ክረምት ቀነአ አንድ ሐሳብ አመጣ። አሮጌ ኮምፒዩተርና ትልቅ ስክሪን ሣጥን ውስጥ አስገብተን፣ አራት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ እኩል የሚጫወትበት የጌም ማሽን እንሥራ አለው። ሽቦው የቀነአ፣ እንጨቱ የጋሮማ ሆነ። ጋሮማ ሣጥኑን ሠርቶ ካቆመ በኋላ፣ ሦስት ቀን ተጨንቆ የመጫወቻውን ገበታ በካርቶን ላይ ነደፈ፤ አራት የጆይስቲክ ዘንግ፣ ለእያንዳንዱ ዘንግ ስድስት ቁልፍ፣ ሁሉም በአንድ ቀጥ ያለ መስመር እንደ ወታደር ተሰልፈው። ቀነአ አየና ጥሩ ነው አለ። በማግስቱ ግን ማስተዋል የምትባል ሴት ይዞ መጣ።

ማስተዋል ከጎጃም ተመድባ የመጣች የንድፍ መምህርት ናት፤ ሠላሳ ዓመት አልሞላትም። ባልጠነከረ ኦሮምኛዋ "አካም ቡልተን፣ ኦቦ ጋሮማ" ብላ ሰላም አለችውና ካርቶኑን ብዙ አየችው። ከዚያ ከመንገዱ ዳር አራት የባጃጅ ሹፌሮች ጠርታ ፊቱ አቆመቻቸው። ትከሻ ለትከሻ ተጋፉ፤ ዳር የቆሙት ሁለቱ ስክሪኑን ለማየት አንገታቸውን ጠመዘዙ። እሷ መዳፋቸውን የጠመኔ ዱቄት ቀብታ፣ ዐይናቸውን ጨፍነው በአዲስ ካርቶን ላይ እንደተመቻቸው እንዲያሳርፉት አደረገች። ጣቶቻቸው ያረፉበትን በእርሳስ ከበበች። ቁልፎቹ እዚህ ይሁኑ አለች፤ ገበታው እንደ ግማሽ ጨረቃ ይጎብጥ፣ የዳርና ዳሮቹ ዘንጎች ወደ ስክሪኑ ዞር ይበሉ፣ ለእያንዳንዱም ተጫዋች የራሱ ቀለም ይሰጠው።

ትክክል መሆኗ ለጋሮማ ወዲያው ገባው። ጉዱም ይኸው ነበር። ብትሳሳት ኖሮ ይወዳት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀነአ አፍ ማስተዋል ብሎ ይከፈት፣ ማስተዋል ብሎ ይዘጋ ጀመር። የጋሮማ ሚስት ድርቤ ምሳው ሲተርፍ እያየች ምን ሆንክ ብትለው፣ ጥርሴን አላት።

ገበታውን በሚቆርጥበት ቀን ቀነአ ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ጋሮማ የሦስቱን ተጫዋቾች ቦታ ልክ እንደ ንድፉ ሰረሰረ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ምልክቱን ወደ ሦስተኛው በአራት ጣት አስጠጋና በሳው።

ሙከራው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ነበር። ጂሩ የሚባለው ሹፌር አራተኛው ቦታ ላይ ቆመ። ጨዋታው ገና ሳይሞቅ ክርኑ የጎረቤቱን ጎን ይደቁስ ጀመር። መጀመሪያ ሳቁ፣ ኋላ ተቆጡ፤ በመጨረሻም ይሄ ለሦስት ሰው የተሠራ ነው ብለው ተበተኑ። ቀነአ አንገቱን ደፋ። ማስተዋል ንድፏን ከቦርሳዋ አውጥታ በሜትር ለካች። ወረቀቱን አየች፣ እንጨቱን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ ጋሮማን አየችው።

"የኔ ጥፋት ነው" አለች ለቀነአ። "ስለካ ተሳስቻለሁ።" ወረቀቱን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሄደች።

ቀነአ የጋሮማን ትከሻ መታ አድርጎ፣ "ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ አንተን መስማት ነበረብኝ" አለው። ነገ ወደ አንተ ንድፍ እንመለሳለንም አለ።

ጋሮማ ሲመኘው የከረመው ቃል ይህ ነበር፤ ደስታው ግን አልመጣም። ጥፋቱን አውቃ በቀነአ ፊት ሸፈነችለት። በንድፍ በልጣው ነበር፤ አሁን ደግሞ በሰብእና በለጠችው። ይኼኛው ቅናት ከፊተኛው ይልቅ አቃጠለው።

ሰኞ ጠዋት አዲስ ኮምፔንሳቶ ዘርግቶ የራሱን ንድፍ ሊቆርጥ ተነሣ። መጋዙን ሲይዝ ሁለቱ ሹፌሮች ዳርና ዳር ቆመው አንገታቸውን ሲጠመዝዙ ይታየዋል። በሃያ ዓመት አናጺነቱ፣ መጥፎ መሆኑን እያወቀ ከእጁ ያወጣው ሥራ ያ የእሑዱ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ሊጨምርበት አቃተው። የእሷን ወረቀት ዘረጋና ምንም ሳያዛንፍ ቆረጠው። ምሳ ሰዓት ላይ ቀነአን ጠራው።

"እሷ አልተሳሳተችም" አለው። "አውቄ ያዛነፍኩት እኔ ነኝ።"

ቀነአ ካውያውን ሰክቶ ሽቦውን መበየድ ጀመረ። ሦስት ቀን ሙሉ አቀብለኝ ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሰም። በአራተኛው ቀን፣ "ሄደህ ማስተዋልን ራስህ ጥራት" አለው።

ጋሮማ የምታስተምርበት ኮሌጅ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። መንገዱን ሁሉ ሲያሰናዳ የመጣው ንግግር ጠፋበትና "ቲቸር፣ ይቅርታ" ብቻ አለ። እሷም ገባኝ አለችው። አብራው መጥታ ከሦስት ሹፌሮች ጋር ተሰልፋ ተጫወተች። ክርን ከክርን አልተነካካም። ስትጨርስ ጎንበስ ብላ የሣጥኑን ማዕዘን በጣቷ ዳሰሰች።

"ኦቦ ጋሮማ፣ ይሄን ያለ ሚስማር እንዴት አያያዙት? ሣጥኑን ካየሁ ጀምሮ ስቀና ነው የከረምኩት። እኔ ከወረቀት አልፌ አላውቅም።"

ጋሮማ ቅዳሜ ነዪ አላት። ቅዳሜ መጣች። እንጨት ከእንጨት እንዴት እንደሚነካከስ ከጧት እስከ ቀትር አሳያት፤ እሷም ቶሎ ገባት፤ እሱ ከሚወደው በላይ ቶሎ። ሙጫው ውስጥ ምን እንደሚጨምርበት ስትጠይቀው ግን፣ እሱን ሌላ ቀን ብሎ ጣሳውን ከደነው።