አራተኛዋ ብሎን

«ዕድሜ ጠግበው ነው የሄዱት፤ በዚህ ተጽናኑ» አሉ አንዲት ለቀስተኛ።

«ልባቸው ነው፤ ድንገት» አለች የልጅቷ እናት፣ ሰሞኑን እንደለመደችው።

ልጅቷ የሻይ ትሪውን ዘጭ አድርጋ አስቀመጠች። አያቷ በገዛ እጁ ነው የሞተው። ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ቤቱ ሁሉ ይዋሻል።

የምትሠራበት የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት ሟቾችን በዕድሜና በአሟሟት ይመድባል። ራሱን ስላጠፋ ሰው ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ወጣት ነው፤ እሷ ግን «ከሰባ በላይ» የሚለው ቁጥር ከዓመት ዓመት ሲያብጥ አይታለች። ለአለቃዋ ስትነግረው «ሽማግሌ መሞቱ ምን ይገርማል?» አላት። እሷም ስቃ ነበር።

«ነይ እስቲ፣ ቁጡዋ» አሉ በር ላይ የተቀመጡት ጫማ ሰፊ። ሱቃቸው ከአያቷ የሬዲዮ መጠገኛ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ሁለቱ ሲሰዳደቡ ነው ያረጁት። «ይቺን ሬዲዮ ውሰጃት። ከእንግዲህ ለእኔ ምን ትሠራለች?»

ልታመሰግን አፏን ከፍታ ሬዲዮዋን ገለበጠቻት። አራቱም ብሎኖች ጥብቅ ብለዋል።

አያቷ የሰው ሬዲዮ ሲጠግን አራተኛዋን ብሎን አስሮ አያውቅም። ሦስቱን ያስርና አንዷን ኪሱ ይከታታል።

«አባባ፣ ይሄማ ማጭበርበር ነው!» ትለው ነበር፣ ለመሄድ እየተጣደፈች።

«ክዳኑ ሲንኳኳበት ደንበኛው ይመለሳል፤ ያኔ ሻይ እንጠጣለን። አንቺ ምን አለብሽ፣ ስልክሽ ይጮኻል።»

«ጋሼ፣ አባባ አራተኛዋን ብሎን መቼ ነው ያሰራት?» አለቻቸው ጫማ ሰፊውን።

«በመጨረሻው ሳምንት። የደንበኛውን ሁሉ ሬዲዮ እየሰበሰበ አጠባበቀ። ‹በስተርጅና ሥራ ለመድክ› ብዬ ቀለድኩበት…»

ሬዲዮዋን አየች፤ አያቷ ከመሄዱ በፊት ሥራውን ጨረሰ፣ እኚህ ደግሞ ዕቃቸውን እየሰጡ ነው። «እርስዎም እንደሱ ራስዎን ሊያጠፉ እያሰቡ ነው?»

እናቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «ግድግዳውን ስደበድብ የሚመልስልኝ የለም» አሉ በመጨረሻ።

የአያቷን ካቻቢቴ ከመሳቢያ አውጥታ አንዷን ብሎን ፈታችና ሬዲዮዋን መለሰችላቸው።

«ነገ ይምጡ። ካልመጡ እኔ መጥቼ ግድግዳውን እደበድባለሁ። አሁን ደግሞ አብሬዎት ነኝ፤ ቤትዎ ድረስ እሸኝዎታለሁ።»

«ይሄማ ማጭበርበር ነው» አሉ፣ እንባቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ።

ጎን ለጎን ወጡ። ክዳኑ በየእርምጃው ይንኳኳል። እሷ ኪሷ ውስጥ ብሎኗን ጨብጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጣደፍ፣ በሽማግሌው እርምጃ ልክ ሄደች።