የደላላው ባለባትሪ ጓንት

በሞያሌ ብርድ የገደለው ሰው አይታወቅም። አገሩ የሚያውቀው አቧራና ፀሐይን ነው። ይሁንና ሰኔ ሲገባ ማለዳ ማለዳ የሚነፍሰው ነፋስ ሹራብ ያስለብሳል፤ ሞተር ላይ ተቀምጦ ለሚበር ሰው ደግሞ እጥፍ ይሆናል። የማንያታ ሰፈሩ የከብት ደላላ ሀላኬ ግን ይህ ነፋስ ከሰው ሁሉ መርጦ እሱን የሚያሳድድ ይመስለዋል። «የእናንተ እጅ ሥጋ ነው፤ የኔ መሣሪያ ነው» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው።

መሣሪያነቱስ አይካድም። በዚያ አገር ገበያ የሰንጋ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ደላላና ገዢ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ፎጣ ይደረብበታል፣ ከፎጣው ሥር ጣት እየተጫኑ ይከራከራሉ፤ የተያዘው ጣት በበዛ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰላምታ የረዘመባቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። ሀላኬ በዚህ ሙያ ሃያ ዓመት ኖሯል።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው የገበያ ቀን ነው። ሶሎሎ ከተማ ገበያ ድረስ በዚያ ድንጋያማ መንገድ በሞተር ተንቀጥቅጦ ሲደርስ ጣቶቹ ደንዝዘው ነበር። የካልቱማን ጊደር ሊሸጥ ከነጋዴው ከሊበን ጋር ተያያዘ። ሊበን ሦስት ጣት ያዘ፤ ሀላኬ አራት መሰለውና እሺ አለ። ካልቱማ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከብቶቿን አንድ በአንድ እየሸጠች ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ዋጋውን ስትሰማ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር።

«አንድ ሰንጋ ቀርቶኛል» አለችው። «እሱንም አንተው ትሸጠዋለህ። ጣትህ ዳግመኛ ከተሳሳተ ግን ለገበያው ሁሉ እናገራለሁ።»

ደላላ እጁ ካልታመነ ምን ቀረው? ሀላኬ በማግስቱ ሻሚ ሱቅ ሄደ። ሻሚ ከኢትዮጵያው ሞያሌ እየተመላለሰች በኬንያው በኩል የልባሽ ጨርቅ የምትነግድ ሴት ናት። በረዶ ካለበት አገር በመጣ አንድ ቦንዳ ውስጥ ሁለት ጥንድ ባለባትሪ ጓንት አግኝታ ነበር፤ የሚገዛቸው ጠፍቶ መደርደሪያ ላይ ከረሙ።

«ያ ሀላኬ! ለማን እንደማስቀምጣቸው ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ለካ ላንተ ኖሯል» አለችው። «ቻርጅ ታደርጋለህ፣ ታጠልቃለህ፣ በቃ። ባሪዲ፣ ብርድ የሚባል ነገር አያስጠጉም።»

አንደኛው ስስ ነው፤ ባትሪው ትንሽ፣ ሙቀቱም ለብ ያለ። ሁለተኛው የፍራሽ ያህል ወፍራም ነው፤ አንጓው ላይ ሳሙና የሚያክል ባትሪ፣ ሦስት ደረጃ ያለው ማብሪያ፣ ቀይ መብራትም አለው። ሀላኬ ሦስት ቀን ተመላለሰ። በጠራራ ፀሐይ አንዱን ያጠልቃል፣ ያወልቃል፣ ሌላውን ያጠልቃል፤ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ «ይኼኛው በደንብ ይሞቃል?» ብሎ ይጠይቃል።

«ስሱን ውሰድ» አለችው ሻሚ በመጨረሻ። «ዋጋውም ቀላል ነው። ለሶሎሎ ይበቃሃል፣ ዋላሂ!»

እዚህ ላይ ነው ሀላኬ የነቃው። ነጋዴ ርካሹን ውሰድ ካለ የደበቀው ነገር አለ ማለት ነው! ሻሚ በዕድሜዋ አንድ ቀን እውነት ብትናገር እሱ ፊት ሆነና፣ ሳያምናት ወፍራሙን ገዛ። ሚስቱ ዳሃቦ ቀዩን መብራት አይታ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ካልሲ እጅህ ላይ ብታጠልቅስ?» አለችው። ሀላኬ ከእግር ልብስ ጋር መነጻጸሩ ከነከነውና ጓንቱን ወስዶ ቻርጅ ላይ ሰካው።

የገበያው ቀን ከማንያታ ሲነሳ ማብሪያውን ሦስተኛው ላይ አደረገ። ሦስት እያለ በአንድ የሚረካ ማን አለ? ሶሎሎ ሲደርስ እጁ ከምድጃ የወጣ ዳቦ ሆኗል። ካልቱማ የሰንጋዋን ገመድ ይዛ ከማለዳ ጀምሮ ነፋሱ ላይ ቆማለች።

«በል አውልቅና ጀምር» አለችው።

«ገና ነው፣ አዴ ካልቱማ። ሙቀቱ እንዳይባክን።»

ሊበን መጣ። ሀላኬ ጓንቱን እንደ ሐኪም ቀስ ብሎ አውልቆ እጁን ዘረጋ፤ ፎጣው ተደረበ።

የገበያ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ከፎጣ ሥር ጣት ከመናገሩ በፊት መዳፍ ይናገራል። ደረቅና ቀዝቃዛ መዳፍ ያልቸኮለ ሰው ነው። የጋለና ያላበው ግን ቤቱ በሽተኛ ያለበት ሰው ነው፣ ሳይሸጥ መመለስ አይችልም። ሀላኬ ራሱ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው መዳፍ እያነበበ እንጀራ በልቷል። አሁን የሱ መዳፍ ውሃ ያፈሳል።

ሊበን ዓይኑ በራ። «ቤት ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው።»

«ልጆቹስ?»

«ደህና ናቸው።»

«የታመመ የለም?»

«የለም አልኩህ እኮ!»

ሊበን ሁለት ጣት ያዘ። ሀላኬ በዚህኛው ቀን አልደነዘዘም፤ ሁለቱንም ጣት እስከ ጥፍራቸው ለይቶ አወቃቸው። አምስት ጨበጠ። ሊበን ሁለት አለ።

«ጓንት ነው! ጓንት ነው ያሞቀው!» አለ ሀላኬ በሹክሹክታ።

«አይዞህ፣ ችግር የማያገኘው የለም» አለው ሊበን፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ። ከዚያ ሄዶ ለጓደኞቹ ነገራቸው። ሁለተኛው ገዢም እጁን ነክቶ ሁለት አለ። ሦስተኛው ጭራሽ ፎጣው ሥር ዱዓ አደረገለት። ሀላኬ ማልቀስ አማረው። ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥቶ የገዛው ነገር ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነ።

ካልቱማ ገመዱን ለጎረቤቷ አቀብላ መጣች። «ፎጣውን አምጣ።»

«አዴ፣ ይኼ እኮ ሙያ ነው።»

«አውቃለሁ። ሁለቴ አይቼዋለሁ።»

እዚያ ገበያ ሴት ፎጣ ሥር እጇን አስገብታ አታውቅም። እሷ ግን ፎጣውን ክንዷ ላይ ጥላ ለሊበን እጇን ዘረጋች። ሊበን ሳቀ፤ ግራ ቀኝ አየ። የተዘረጋ እጅ በሰው ፊት መመለስ ነውር ነውና ያዘው፤ ሳቁም ከፊቱ ጠፋ። የያዘው እጅ ደረቅ ነው፣ ገመድ የሻከረው፣ ቀዝቃዛ። አይንቀሳቀስም። ካልቱማ ከሊበን ራስ በላይ አሻግራ ኮረብታውን ታያለች።

ሦስት ያዘ። ዝም አለች። «ልጆች ደህና ናቸው?» አላት። «ደህና ናቸው» አለች፣ ዓይኗን ከኮረብታው ሳትመልስ። አራት ያዘ። ዝም። ሊበን ግንባሩን በሌላው እጁ ጠረገና አምስቱንም ጨበጠ። ያኔ አንድ ጊዜ ጫን አደረገችው። ሰንጋው ተሸጠ።

ሀላኬ አፈረ። ከማፈሩ ይልቅ ግን ቀና፤ እንዲህ ያለ ድርድር በሃያ ዓመቱ አንድ ቀን አልሠራምና። ካልቱማ የደላላውን ድርሻ ቆጥራ ሰጠችው።

«እኔ ምን ሠራሁ?» አላት።

«እንግዲያው የፎጣው ኪራይ ይሁን።»

ይህን ስትል አንድ ሽማግሌ ወይፈን እየጎተቱ ወደ እነሱ መጡ። ሀላኬ የደንበኛ ፈገግታውን አድርጎ ሁለት እርምጃ ተቀበላቸው። ሽማግሌው አለፉት። «ልጄ፣ የኔንም ታደራድሪልኛለሽ?» አሏት ካልቱማን።

ካልቱማ ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ ወደ ሀላኬ ዞረች። «ፎጣውን እስከ ማታ ትተውልኛለህ?»

ሀላኬ ፎጣውን አጣጥፎ ሰጣት።