የዐፊፋ ባክቴሪያ አገሩ የት ነው?

ዐፊፋን ያንገበገባት በሽታው አይደለም። ማጅራት ገትር መጣ፣ አንገቷን እንደ ግንድ አደረቀው፣ በመርፌ ተባረረ፣ አለቀ። ያንገበገባት በገዛ በሽታዋ እሷን የሚያምናት ሰው መጥፋቱ ነው።

«ጁምዓ ሲመጣ እኔ ወድቄ ነው ያገኘኝ» ትላለች።

ጁምዓ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ድንበር ላይ ባለችው ኩርሙክ ተቀምጦ ይነግዳል።

«አንቺ ራስሽን ስተሽ ነበር፤ ምኑን ታስታውሻለሽ?» ይሏታል ጎረቤቶቿ። «ከኩርሙክ የመጣ በሽታ ነው ያለው ሆስፒታሉ ራሱ ነው፤ ያመጣብሽም ጁምዓ ነው።»

ጁምዓ ይህን ከሰማ ወዲህ ጭነቱን አሶሳ ገበያ ያራግፍና በደጇ ሳያልፍ ይመለሳል። ማሽላዋ ደግሞ ለአጨዳ ደርሷል። የእሷን ደቦ በዘፈን የሚመራው ሁልጊዜ ጁምዓ ነበር፤ እሱ ከሌለ ማን አፉን ይከፍታል?

ክልሉ ገና አዲስ ነው፤ የቢሮዎቹ ቆርቆሮ ዓይን ይወጋል። የጎረቤቷ የሸዋሉል ልጅ የሻው ከአዲስ አበባ ሥልጠና ተመልሶ በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ሥራውን ቀጥሏል። ዐፊፋ አዝላ ያሳደገችው ልጅ ነው። ስለ እሷ ባክቴሪያ የሰማውን ለአለቃው ነገረ፣ ለእናቱ ነገረ፤ ለባክቴሪያው ባለቤት ለዐፊፋ ግን ትንፍሽ አላለም። ዐፊፋ ከሸዋሉል አፍ ስትሰማ ነጠላዋን አጣፍታ ላቦራቶሪው በር ላይ ቆመች። አማርኛን ገበያ ላይ ነው የለመደችው፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ታደርጋለች። ስትቆጣ ግን አንዲትም አትስትም።

«አንተ የሸዋሉል ልጅ! ይህን ጀርባ በሕፃንነትህ ስታርሰው ዝም አልኩህ። አሁን ደግሞ ከዚሁ ጀርባ ውሃ ቀድታችሁ ባሕር ማዶ ላካችሁ አሉ!»

«እማማ ዐፊፋ፣ ይቀመጡ። ባሕር ማዶ የሄደው ውሃው አይደለም፤ የባክቴሪያው የዘር ፊደል ተነቦ፣ ያ ተጽፎ ነው የሄደው።»

«ባክቴሪያ ዘር ቆጥሮ፣ ለጋብቻ ሊጠይቀኝ ነው?»

የሻው ሳቁን ዋጥ አድርጎ አስረዳት። በየአገሩ ያሉ ላቦራቶሪዎች ያገኙትን ባክቴሪያ ዘሩን እያነበቡ በኮምፒዩተር አንድ የጋራ መዝገብ ውስጥ ያስገባሉ። ዘራቸው አንድ ለሆኑት አንድ ቁጥር ይሰጣቸዋል። በሽታው የት የት እንደዞረ ሁሉም ከዚያ ያያል።

«መዝገቡ የማን ነው?»

«የሁሉም። ያለው ያመጣል፣ የፈለገ ያያል።»

«ታዲያ ደቦ ነው አትለኝም! የእኔውስ ዘመድ ተገኘለት?»

«ብዙ ተገኘለት። እስከ ምዕራብ አፍሪካ ድረስ።»

«እንዴ! እኔ ከባምባሲ አላለፍኩ፣ እሱ ይህን ሁሉ አገር ዞሯል?» ደስ ሳይላት አልቀረም። «ስሜንስ ጽፋችኋል?»

«የታማሚ ስም አይጻፍም። ዓመቱና ቦታው ብቻ ነው።»

«ቦታው ምን ይላል?»

«ኩርሙክ።»

ዐፊፋ ጣቷን ወደ እሱ ቀሰረች።

«እኔ ቤቴ የት ነው?»

«እዚሁ፣ እኛ ጎን። አሶሳ።»

«ተሸክሞ እዚህ ያደረሰኝ ማነው?»

«ጋሼ ጁምዓ።»

«እና ከየት መጣችሁ ተብሎ የተጠየቀው ማነው? እኔ ነኝ? እኔማ ራሴን ስቼ ነበር! ይኸው እናንተው አላችሁት! ጁምዓ በመኪና እየጫነ የሚነግድ ሰው ነው። ከየት መጣህ ካሉት የተነሣበትን ነው የሚናገረው፤ የአልጋዬን ቦታ አይደለም።»

የሻው ፊቱ ፍም መሰለ። «የሕክምና ካርድዎ ኩርሙክ ይላል፤ መንደሩ ከእኛ ሰምቶ ኩርሙክ አለ። እኔም መንደሩ ያንኑ ሲል እውነት መስሎኝ እንዳለ ላክሁት። ያ ቃል ነው ጋሼ ጁምዓን ያሳማቸው። እማማ፣ ማን እንዳመጣው መዝገቡ ጭራሽ አይናገርም፤ ማንም አያውቅም።»

«ደቦ ላይ የአንዱ ማሽላ ሌላው ክምር ላይ ቢደረግ ምን ይደረጋል?»

«ይመለሳል።»

ዐፊፋ በልጅነቱ ታደርግ እንደነበረው ጆሮውን ያዘችው፤ ግን አልጠመዘዘችውም።

«እንግዲያው መልሰዋ! አሶሳ ብለህ ለፈረንጆቹ ጻፍላቸው፤ የአሶሳን ለኩርሙክ ሰጥቼ አልተኛም። ግን እሱ ይቆይህ። አሁን ተነሥ! የኩርሙክ መኪና ገበያ ላይ እየጫነ ነው፤ ጁምዓም እዚያው ነው። ‹የተሳሳትነው እኛ ነን› በለው፤ በራስህ አፍ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ እናትህም እየሰማች። ከዚያ እጁን ይዘህ ቤቴ አምጣልኝ። ነገ እሱ ይዘፍናል፣ አንተ ደግሞ ማጭድ ይዘህ ከፊት ትገባለህ!»